የሰይድ ቦታ

ጎርፍ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። ይህን ቆላ ላልኖረ ሰው ስነግረው ይስቅብኛል። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ አቧራው በባጃጆቹ ጎማ ሥር እየቦነነ፣ በስተምዕራብ ከደጋው ራስ ላይ ብቻ ጥቁር ደመና ይከመራል። እኛን አንዲት ጠብታ ሳትነካን እዚያ ላይ የወረደው ዝናብ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ በደረቁ ሆርማት ወንዝ እያገሳ ይመጣል። ከእሱ በፊት ግን ነፋሱ እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና የፍየል በጠጥ አንድ ላይ ለውሶ ከተማው ውስጥ ያስገባል። ባለፈው ሳምንት አስፋልቱ ዳር ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ የአንድ ጎረምሳ ሱሪ ሳሳጥር ይኸው ሽታ መጣና እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ቀረ። የልጅነት ጓደኛዬ ሰይድ የሞተው በጎርፍ ወራት ነው፤ ስለዚህ ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ሥራ እፈታለሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ኳስ ማሳያ ቤት አለ። በዚያው ሰዓት ጨዋታ አልቆ ወጣቶቹ እየተራገሙ ወጡ። እንደገባኝ አንደኛው ቡድን ኳሱን ይዞ ሲሽከረከር ውሎ፣ ሌላው ደግሞ በሩ ላይ ተሰብስቦ ቆይቶ አንዴ ብቻ ወጥቶ አግብቶ አሸንፏል። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ጎረምሳም ፊቱ እንደጠቆረ ነው። «ጋሽ ካሳሁን፣ እርስዎም በዘመንዎ ተጫዋች ነበሩ ይላሉ። በር ዘግቶ መቀመጥ ኳስ ነው? ፈሪዎች!» አለኝ። የቀረውን ጥቂት ስፌት ጨርሼ «ሱሪህን ያዝና ሂድ» አልሁት። ልጁ ደነገጠ። እኔም አፈርሁ፤ የደንበኛ ፊት እንዲህ አይመታም። ግን አፌን ብከፍት የሚወጣው ስለ ኳስ ብቻ ስላልነበረ ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር።

እኔ ተከላካይ ነበርሁ። ይህን በኩራት ነው የምለው። ሰው የሚያውቀው ጎል ያገባውን ነው፤ በትከሻው የሚሸከመው እሱን፣ ሻይ የሚጋብዘው እሱን። የተከላካይ ሥራ ግን ደህና ከተሠራ አይታይም። ሊሆን የነበረው ነገር ሳይሆን ይቀራል፣ ላልሆነ ነገር ደግሞ ማንም አያጨበጭብም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዲት ቦታ ላይ ቆሞ፣ እግርህ ሩጥ ሩጥ እያለህ አለመሮጥ፣ ሕዝቡ እየሰደበህ ጓደኛህን ብቻ እያየህ መቆየት፣ ከዚያ ያቺ ቀዳዳ ስትከፈት በሦስት ቅብብል ሜዳውን ጨርሶ ማግባት፤ ይህን ፈሪ ሰው አይሠራውም። ፈሪ ሰው ቶሎ ይወጣል። መጠበቁን ስለማይችል ይወጣል። እኔ ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ።

ዘመኑን በቁጥር አልጠራውም። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ፓስቲ በዘይት እንደራሰ በደብተር ወረቀት የሚጠቀለልበት ጊዜ ነበር። ሱሪ ከጉልበት በታች ሰፍቶ እንደ ቀሚስ ጫማ የሚሸፍንበት፣ ጠጉር እንደ ቅል ተከርክሞ የሚቆምበት ጊዜ። እኔ ገና ከአባቴ ስፌት እየተማርሁ ስለነበር የከተማውን ቤልቦተም ግማሹን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንዳንዱ እግር ከአንዱ ይሰፋ ነበር፣ ማንም ግን ልብ አላለም። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቴፑ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ይደጋግማል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ ይወፍርና ያረጃል፣ እኛም እንደዚያው እያወፈርን አብረን እንዘፍናለን። ሜዳችን ከከተማው በስተምሥራቅ ነበረ። ዛሬ መጋዘንና ቤት ሞልቶበታል። ያኔ አሸዋ፣ ጥቂት ግራርና አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ብቻ ነው፤ መረብ የሚባል የለም። ከአፋር በኩል ጨው ጭነው የሚመጡ ግመሎች መንገዳቸው በመሐል ሜዳ ስለሆነ፣ እነሱ እስኪያልፉ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ እኛም ወገባችንን ይዘን እንቆማለን። ባለግመሉ አንድ ቀን እንኳ ቸኩሎልን አያውቅም።

ማሊያችንን የሰፋሁትም እኔ ነኝ። አቡጀዲ ገዝተን በበርሜል ሰማያዊ ቀለም ነከርነው። ቀለሙ ስላልያዘ ላብ ሲነካው ይለቅና ከጨዋታ በኋላ ደረታችንም አንገታችንም ሰማያዊ ሆኖ ወደ ቤት እንገባለን፤ እናቶቻችን ይጮኹብናል። ቁጥሮቹን ከቀይ ጨርቅ ቆርጬ ለጠፍሁ። ሰይድ አራት ቁጥር፣ እኔ አምስት። የሱ አራት ወደ ግራ ዘመም ብላ ነበር፤ ላስተካክላት ስል «ተዋት፣ ካሴ፣ ያሰበችበት አላት» ብሎ ከለከለኝ። ሁለታችን መሐል ተከላካይ ነበርን። በዚያ ማሊያ መጀመሪያ የገጠምነው የጎረቤት ከተማ የዋጃን ልጆች ነው፤ ሰባት አገቡብን። ሰባት! አሠልጣኛችን የነበረው መምህር በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄደ፤ በሰባቱ ጎል ተሸማቆ ነው ያልን ሰዎች ነበርን።

የሰይድ አባት አያ ይማም ያን ቀን ሜዳው ዳር ነበሩ። ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁ፣ ረጅም፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚያስሩ ገበሬ ናቸው፤ ከሆርማት ጎርፍ የሚጠለፈው ቦይ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ጎርፉ ሲመጣ ማን የት እንደሚቆም፣ ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ ውሃው ወደ ማን ማሽላ ቀድሞ እንደሚሄድ የሚያዘው ሰው ነው። ከጨዋታው በኋላ አሸዋው ላይ ተዘርግተን ሳለ መጥተው ቆሙብን። «እናንተ ጎርፍ ፊት ለፊት ነው የምትገጥሙ» አሉ። «አንዱ ኳስ ባየ ቁጥር ይሮጣል። ሌላው ይከተለዋል። ቤቱን ማን ይጠብቀው? ወላሂ፣ የኔን ክትር እንዲህ ብትጠብቁት ኖሮ ይሄን ጊዜ ቆቦ ባሕር ነበረች።» ደሱ የሚባል አጭር፣ ፈጣን አጥቂ ነበረን፤ ሊስቅ ሲል አዩት። «አንተ ደግሞ ኳሱ ሲመጣልህ ሩጥ እንጂ ወደ ኋላ ምን ያመጣሃል?» አሉት።

ወዲያው በሳምንቱ ጎርፍ ወረደና አሥራ አንዳችንንም ወደ ክትሩ ወሰዱን። ክትሩ በአፈር፣ በአሸዋና በግራር ቅርንጫፍ የተሠራ፣ ከወንዙ ወደ ቦዩ አግድም የሚሄድ ግድብ ነው። ገበሬዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው በየአሥር ርምጃው ይቆማሉ። ጩኸቱ ከላይ ሲሰማ አያ ይማም ከክትሩ ራስ ላይ ሆነው የመጀመሪያውን ሰው «አለህ?» ይሉታል። «አለሁ!» ይላል። እሱ ዞሮ ቀጣዩን «አለህ?» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ጫፍ ይደርሳል። መልስ ያልመጣበት ቦታ ካለ ክትሩ የሚበጠሰው እዚያ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ውሃው ሲደርስ ቡናማ ነው፣ ድንጋይና ግንድ ያንከባልላል፣ መሬቱ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ማንም ወደ ፊት አይሄድም፣ ማንም አይሸሽም። የገዛ እርሻው ሲሰጥም ቢያይ እንኳ ቦታውን የሚለቅ የለም። ለቅቆ የተገኘ ሰው የዚያን ዓመት ከክትሩ ይወገዳል፣ ተራውም ከሁሉ መጨረሻ ይሆናል፤ ከውሃው ማጣት ይልቅ የሚያሳፍረው ከሰልፉ መውጣቱ ነው። ጎርፉ ክትሩን ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ አቅሙ መለስ ሲል አያ ይማም ዘንጋቸውን አነሱ፣ የቦዩ አፍ ተከፈተ፣ ያ ሁሉ ውሃ ዞሮ ወደ ማሽላው ገባ። «አያችሁ?» አሉ ወደ እኛ ዞረው። «ኃይሉ የሱ ነው። እኛ የጨመርንበት የለም። መንገዱን ነው ያሳየነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሠልጣኛችን እሳቸው ሆኑ። ሦስት ሳምንት ኳስ አላሳዩንም። አራታችንን ተከላካዮች በግመል ጭነት ገመድ ወገብ ለወገብ አስረው ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ያስኬዱናል፤ አንዱ ከቀደመ ሌላው ይወድቃል። የከተማው ሰው ሊስቅብን እየመጣ ግራር ሥር ይቀመጥ ነበር። ቀስ በቀስ ገመዱ መጥበቁን ተወ። ኋላ ፈቱልን፣ እኛ ግን እንደታሰርን ቀረን። ሰይድና እኔ ያቺን የክትር ጥሪ ወደ ሜዳ ይዘናት ገባን። አንዱ ኳስ ሊነጥቅ ወጣ ሲል ሳያይ «አለህ?» ይላል፣ ከኋላው «አለሁ!» ሲባል ብቻ ይሄዳል። መልስ ከሌለ አይሄድም። ሰይድ ረጋ ያለ ልጅ ነበረ፤ «አለሁ» ሲል ድምፁ ወፍራም፣ ያልቸኮለ ነው። ያን ድምፅ ከኋላዬ ስሰማ ማንንም አልፈራም ነበር።

ቀጥሎ የሮቢት ልጆች መጡብን። ከኛ በቁመትም በጫማም ይበልጣሉ፤ እነሱ ሸራ ጫማ፣ እኛ ግማሻችን ኮንጎ። ሰዓቱን ሙሉ በሩ ላይ ዘነቡብን። የራሳችን ሕዝብ «ውጡ እንጂ! ሴቶች!» እያለ ሰደበን። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው መሬት ላይ ወረወሩ። እኛ በመስመራችን እንደ ክትር ቆምን፤ ወደ ዳር እንገፋቸዋለን፣ ከዳር ያሻግራሉ፣ ሰይድ በግንባሩ ይመልሳል፣ እንደገና ይመጣሉ። አያ ይማም ዘንጋቸውን ተደግፈው ያያሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሮቢቶች በረኛቸው ሲቀር ሁሉም ወደ እኛ ወጡ። ሰይድ ኳሷን አጥቂው እግር ላይ አንሸራቶ ነጠቀ፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ ቀና ሳልል መሐል ሜዳ ብቻውን ለቆመው ለደሱ ረጅም ላክሁለት። ደሱ ሮጠ። ከኋላው አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። መረብ ስለሌለ ኳሷ በቋሚዎቹ መሐል አልፋ የቁልቋል አጥር ውስጥ ገባችና ተበሳች። አንድ ለዜሮ። ቆባቸውን የወረወሩት ሽማግሌ ደሱን ትተው መጥተው የሰይድን ግንባር ሳሙ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ጎል አላየሁም፤ በዚያ ማሳያ ቤት ስንት የዓለም ጎል ሲጮኽበት እየሰማሁም ቢሆን።

የዋንጫው ጨዋታ ከዋጃ ጋር ሆነ። ዋንጫው ቆርቆሮ ሠሪ የሠራው፣ አንዱ እጀታው የተጣመመ ነገር ነው፤ ግን ለእኛ ወርቅ ነበረ። ከጨዋታው በፊት አንድ ወሬ መጣ፤ ከደሴ ተጫዋች የሚመለምል ሰው ከሕዝቡ ጋር ተቀምጧል ተባለ። እኔም አየሁት፤ ኮት የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ። ልቤ ያኔውኑ ቦታውን ለቀቀ። ተከላካይን ማን ያየዋል ብዬ አሰብሁ። ሰይድ ከኔ የሚበልጥ ተጫዋች ነበር፤ ይህን እኔም፣ እሱም፣ ሜዳውም ያውቃል። መታየት ካለብኝ ጎል ማግባት አለብኝ አልሁ። እስከ መጨረሻው ዜሮ ለዜሮ ቆየን። ከዚያ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ እግሬ ሥር ገባች። ደሱ በስተቀኝ እጁን እያነሳ ይጮኻል፤ መስጠት ነበረብኝ። «አለህ?» አላልሁም። ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ ሰይድ «ካሴ፣ ቁም!» አለ። ሰማሁት። አንዱን አለፍሁ፣ ሁለተኛውን አለፍሁ፣ ሕዝቡ ተነሣልኝ፤ ሦስተኛው ነጠቀኝ። ኳሷ በራሴ ላይ አልፋ እኔ ወደ ነበርሁበት ባዶ ቦታ ሄደች። ሰይድ ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ቀረ። ዞሬ ሳይ ኳሷ ገብታ ነበር፤ ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

ያን ቀን አያ ይማም እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ከግራሩ ሥር ሰብስበውን «ቦታውን ማን አስለቀቀ?» ብለው ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አሸዋ ጫርሁ። ሰይድ ግን ተነሣና «እኔ ነኝ፣ አባቴ። ሂድ፣ አለሁ ብዬው ነው የሄደው። ከዚያ ሳልደርስ ቀረሁ» አለ። ወደ እኔ እንኳ አላየም። ማሊያው ላብ ጠጥቶ አንገቱ ሰማያዊ ሆኗል፣ ያቺ የተጣመመች አራት ደረቱ ላይ። አያ ይማም ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያው የክትሩን ሕግ ታውቀዋለህ» አሉት። የዚያን ክረምት ሰይድ ከክትሩ ሰልፍ ወጣ፤ የውሃ አባት ልጅ ሆኖ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ዳር ቆሞ ጎርፍ አየ። ከቡድኑም ወጣ። መነጽር ያደረገው ሰው ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ከሁለታችን ሜዳ ላይ ያገኘው እኔን ብቻ ነው። ደሴ ሁለት ዓመት ተጫወትሁ። ሌሊት ስተኛ ሳይሆን ቀን፣ በጨዋታ መሐል፣ ከኋላዬ «አለሁ» የሚል ድምፅ እየጠበቅሁ ሁለት ዓመት ተጫወትሁ፤ አልመጣም። ጉልበቴ ተጎዳና ወደ ስፌት መኪናው ተመለስሁ።

ሰይድ አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም። ይህ ነው የገደለኝ። ለሠርጌ ሚዜ ሆነልኝ፣ ለልጆቼ ክርስትና ማር ይዞ መጣ፤ እኔም በየኢዱ ቤቱ ሄጄ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ጀመርሁ። «ሰይዶ፣ ያኔ...» ስል «ማሽላው ዘንድሮ እንዴት አድርጎ ያዘ መሰለህ!» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ለአባቱም ልናገር አስቤ ነበር፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልሁ ጠጉሬ ነጣ። ከዚያ ያ የጦርነትና የችግር ክረምት መጣ። ሰው ልጁንና አንሶላውን ይዞ ከከተማ ወጣ። አያ ይማም «ከክትሬ አልለቅም» ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ዐይናቸው ያኔ ጠፍቶ ነበር። ሰይድ የስኳር በሽተኛ ነው፣ መድኃኒቱ ጥቂት ነው የቀረው። በራቸው ላይ ቆሜ «አብረን እንውጣ፣ እሳቸውን እንሸከማቸዋለን» አልሁት። ልጆቼ መኪና ላይ ሆነው ይጠሩኛል። ሰይድ ትከሻዬን ያዘኝና «ሂድ፣ ካሴ። አለሁ» አለኝ። ያው ድምፅ፤ ወፍራም፣ ያልቸኮለ። ሄድሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ መድኃኒቱ አለቀ። ተመልሼ ስመጣ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። በዋጃው ጨዋታ ቀን የዋሸልኝን ነገር፣ ቤቱ በር ላይ እውነት አደረገው። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ያለቀስሁትም ግማሹ ለሱ፣ ግማሹ በራሴ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ያ ሽታ መጥቶ፣ ያ ጎረምሳ «ፈሪዎች» ብሎኝ ሲሄድ፣ የስፌት መኪናዬን ክዳን ዘጋሁና ባጃጅ ያዝሁ። አያ ይማም ቤታቸው ደጃፍ መደቡ ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። የሰይድ ባለቤት ዘሀራ ወንበር አወጣችልኝ።

«ማነው?» አሉ።

«ካሳሁን ነኝ።»

«ካሴ! ጎርፉ ሸተተህ?»

«ሸተተኝ፣ አያ ይማም። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁ።» «ያኔ ከዋጃ ጋር ስንጫወት ቦታውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሰይድ ሂድ አላለኝም። ቁም ነው ያለኝ።»

ጣታቸው ሙስበሃው ላይ ቆመ። «አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሜዳው ዳር ቆሜ አልነበር? ዐይኔ ያኔ ደህና ነበር። ቁም ሲልህ አፉን አይቼዋለሁ።»

ዘሀራ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ «ታዲያ እሱን ለምን ቀጡት?» አልሁ። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ።

«እኔ ነኝ አለኛ። ልጄ ለጓደኛው ቆሞ ሳለ በሰው ፊት ዋሸህ ብዬ ላሳፍረው? ቅጣቱንም ወዶ ነው የወሰደው። አንተ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል አልሁ። ደሴ ሄድህ። ተመለስህ። ሚስት አገባህ። እሱ ከጎንህ ተቀምጦ ሲስቅ እሰማለሁ፣ አንተ ዝም ስትል እሰማለሁ።» ሙስበሃውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እኔም አጥፍቻለሁ፣ ካሴ። መጠበቅ አስተማርኋችሁ። ግን መክፈትም አለ። አንድ ቃል ብናገር ሁላችሁም ታርፉ ነበር። አልከፈትሁም። አንተም አልከፈትህም። ውሃው አለፈ።» ከማያዩት ዐይኖቻቸው እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝሁ። «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«አውፍ ብዬሃለሁ፤ ያውም ድሮ። የሱን ግን እኔ አልሰጥህም፤ የሱ ነው።» ራሴን ዳበሱኝ። ከላይ በኩል ያ ጩኸት ገና ከሩቅ ተሰማ። በደጃፉ ገበሬዎች አካፋቸውን ተሸክመው ወደ ክትሩ ማለፍ ጀመሩ። አሁን ብዙው ሰው ጉድጓድ አስቆፍሮ በሞተር ውሃ ይስባል፤ ክትሩን የሚጠብቁት ጥቂት ናቸው። አያ ይማም ጆሮአቸውን ወደዚያ አዘነበሉ። «የሰይድ ቦታ ባዶ ነው» አሉ። «ከግራና ከቀኝ ያሉት በየዓመቱ ተጠጋግተው ይሸፍኑታል። ክትሩ እዚያ ላይ ይዳከማል። ሂድ።»

«ጉልበቴ እኮ ተበላሽቷል፣ አያ ይማም። መሮጥ አልችልም።»

«ማን ሩጥ አለህ? ሄደህ ቁም ነው ያልሁህ።»

ዘሀራ ከጓዳ የሰይድን አካፋ አውጥታ ሰጠችኝ። እጀታው እሱ በሚይዝበት ቦታ ላይ ለስልሷል። ክትሩ ላይ ስደርስ ሰዎቹ ምንም ሳይጠይቁ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ቦታው የት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም። ከሰይድ ቦታ በላይ የቆመው ሰው ጎልማሳ ነው። ፀሐይ ወደ ደጋው አዘቅዝቃለች፣ ጩኸቱ ቀርቧል፣ መሬቱ በጫማዬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የዛሬው የውሃ አባት ከላይ «አለህ?» ብሎ ጀመረ። «አለሁ!» ተባለ። «አለህ?» «አለሁ!» እያለ ወደ እኔ ወረደ። ጎልማሳው እንደ ልማዱ የሰይድን ቦታ ዘሎ ከኔ ወዲያ ያለውን ሊጠራ አፉን ከፈተና እኔን ሲያይ ቆም አለ። ከዚያ ዞሮ ፊቴን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «አለህ?» አለኝ።

«አለሁ!» አልሁ፤ ዞሬም ቀጣዩን «አለህ?» አልሁት።

ውሃው መጣ። አልተነቃነቅሁም።